ቀይ ያልነካው ወረቀት

ተማሪዎቻቸው «ቀዩ እስክሪብቶ» እያሉ የሚጠሯቸው ፕሮፌሰር አጎታችን በ1945 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። ገና በሰባት ዓመታቸው የአባታቸውን ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሰፈሩን ልጆች ቁመት እየለኩ በደብተር ይመዘግቡ ነበር። ምርምር የጀመሩት ያኔ ነው ብንል አላጋነንንም።

ትምህርታቸውን በማዕረግ ጨርሰው በ1970 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቁ። ከአራት ዓመት በኋላ በአንድ የመድኃኒት ጥናት ላይ ሲሠሩ አንዲት እናት ልጃቸው በጥናቱ እንዲካተት ፈረሙላቸው። በማግስቱ ምን እንደፈረሙ ቢጠይቋቸው «እርስዎ ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምኩ» አሏቸው። አጎታችን «እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ይህን ያወሩ ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙት በላብራቶሪ መስኮት ነው። የታካሚው ስም በትክክል ያልተጻፈበት የደም ናሙና ይዘው ቢሄዱ፣ የላብራቶሪ ባለሙያዋ አልቀበልም ብለው መለሷቸው። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ሦስተኛው ስለ ናሙናው አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ጀማሪ ተመራማሪዎችን አሠለጠኑ። በላብራቶሪ የተገኘው ነገር የታካሚው አልጋ ዘንድ እስካልደረሰ ድረስ ሥራው አላለቀም ይሉ ነበር። መስኮቱ አልከፈት ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ወንበር ነበራቸው፤ አንዱ አንካሳ ስለነበር አርፍዶ ለመጣ ይሰጣል። ደንባቸው አንድ ነበር። ታካሚ የሚፈርምበት ማንኛውም ቅጽ መጀመሪያ ለሆስፒታሉ በር ጥበቃ ይነበባል። ጥበቃው በራሳቸው አነጋገር መልሰው ካላስረዱ አያልፍም። ጥበቃውም ሥራውን ወደውት «ልጄ፣ ይሄ ግራ ያጋባል፤ ሂጂና አስተካክለሽ ነይ» እያሉ ስንቱን ባለዲግሪ መለሱ! ጥበቃው ጡረታ ሲወጡ አጎታችን «ምክትሌን አጣሁ» ብለው አለቀሱ።

ከጥበቃው ያለፈውን ደግሞ ቀዩ እስክሪብቶ ይጠብቀዋል። ከስልሳ አራት ተማሪዎች ንጹሕ ወረቀት የተመለሰለት አልነበረም። ማታ ግን ወረቀቷ ለቀላባት ተማሪ እናት ስልክ ደውለው «ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ እንዳይነግሯት ብቻ» ይሉ ነበር። የመጨረሻዋ ተማሪያቸው ዝምተኛ ነበረች። ተስፋ ቆርጣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ብታስገባ «ምክንያቱ አልተብራራም» ብለው በቀይ አርመው መለሱላት። ስቃ ሳትለቅ ቀረች።

በ2014 ዓ.ም. ልባቸው ደከመ። ለዚሁ ሕመም አዲስ መድኃኒት የሚሞክረውን ጥናት የምትመራው ያቺው ዝምተኛ ተማሪ ነበረች፤ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ሰኞ የሚፈርሙበትን ቅጽ ይዛላቸው መጣች። በቀይ እርማት ሞልተው መለሱት። ረቡዕም እንዲሁ። እኛ ተጨነቅን፤ ባለቤታቸውማ «ኧረ በፈጠረህ ዝም ብለህ ፈርም!» ብለው ተቆጡ። እሳቸው ግን «ይህን የምፈርመው እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ከኋላዬ ስንት ሰው ይመጣል!» አሉ።

ዓርብ ጠዋት ተማሪዋ አዲስ የጻፈችውን ለአዲሱ ጥበቃ አንብባ፣ እሱም መልሶ አስረድቷት፣ እየሮጠች ደረሰች። አጎታችን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ገጠሙ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ ተማሪዋ አለቀሰች። ሰማያዊ እስክሪብቶ ኖሯቸው ስለማያውቅ ከእሷ ተውሰው ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጥሩ ዓመታት ኖሩ፤ በታናሽ ልጃቸው ሠርግ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ጨፈሩ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ አንድ ዓመታቸው በቤተሰባቸው መካከል ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ስልሳ አራት ተማሪዎቻቸውን ትተዋል።

ይህንን የሕይወት ታሪክ ከማሳተማችን በፊት በደንባቸው መሠረት ለአዲሱ ጥበቃ አንብበንለታል። ምን ገባህ ብንለው «ለሰው እንዲገባው የደከሙ ሰው ነበሩ» አለን። አንድም ቃል አላረምንም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በብርሃን ያኑር፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።