በየኋላሸት ሱቅ ትይዩ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እታለም ቢታንያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ሙቀቱስ በረድ አለልሽ? የአሠሪሽ ልጆች ሌሊት ያስተኙሻል? እኛ፣ ከናፍቆትሽ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አሰላ ብርዱ ገብቷል፤ ጠዋት ስንነሳ ጭላሎ ተራራ ጉም ተከናንቦ ነው የምናገኘው። አባባ ስንዴያቸው ደርሶላቸው የአጨዳ ኮምባይነር ተራ ይጠብቃሉ፤ ዝናብ እንዳይቀድማቸው በየሰዓቱ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስሽ ወለላ ናት፤ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ኩዌት ልትመለስ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ አንቺም ስልኩን ለአፍታ ስለምታገኚው፣ እማዬም ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብዬሽ ነበር። እንዴት እንደተበላሸና ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አሁን ልንገርሽ።

የሕንፃ ንድፍ ትምህርቴን ስጨርስ፣ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ፕላን እየሳልኩ ራሴን እንድችል ብለሽ የላክሽልኝን ብር ይዤ የሄድኩት ወደ የኋላሸት ነው፤ ከገበያው በላይ ትልቁን የኮምፒውተር ሱቅ የከፈተው ሰውዬ። ያኔ ጋሼ እለው ነበር። አዲስ ነው ብሎ በጎኑ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ሳጥን ሰጠኝ። መብራቱን አይቼ ልቤ ጠፋ። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ከውስጡ ጭስ ወጣና ጸጥ አለ። ለአንድ ኮንትራክተር ስስለው የከረምኩት ፕላንም አብሮት ሄደ። ሰውየው ሥራውን ለሌላ ሰጠው፤ አልፈርድበትም።

ሳጥኑን ታቅፌ ተመለስኩ። ሱቁ ሰው ሞልቶት ነበር። በትሕትና ባስረዳው፣ ‹‹ራስሽ ነሽ ያቃጠልሽው፤ መጠቀም ሳትችሉ ትገዙና እኔ ላይ ትመጣላችሁ›› አለኝ። እህቴ ለፍታ በላከችው ብር ነው የገዛሁት ስለው ሳቀና ወደ ሰዎቹ ዞረ፤ ‹‹የሰው ሽንት ቤት ታጥቦ በመጣ ብር የተገዛ ዕቃ ምን ይሆናል ብላችሁ ነው!›› አለ። አብረውት የሳቁም ነበሩ።

እታለም፣ ይህን ልጽፍልሽ አልፈልግም ነበር። ግን ማወቅ አለብሽ፤ ያዋረደው እኔን ሳይሆን አንቺን ነው። ስወጣ አላለቀስኩም። ይህን አፍ እዚሁ ሰፈር፣ እዚሁ ሰው ፊት ሳላዘጋው አልቀርም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

መንገዱን ተሻግሬ ቀጥታ የገባሁት፣ ከእሱ ሱቅ ትይዩ ቴሌቪዥንና ሞባይል ወደሚጠግነው ወደ ጅብሪል ነው። ሳጥኑን ከፈተና ውስጡን በብሎን መፍቻው ነካ ነካ አደረገ። ‹‹እህቴ፣ አዲሱ ቆርቆሮው ብቻ ነው›› አለኝ። ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ አውጥቶ በእጄ አስያዘኝ፤ እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለኝ። ሌላውን ሁሉ ያቃጠለው ይህ የውሸት ዕቃ ነው። ዲስኩን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ፕላኔ ይገኝ እንደሆነ የተሰረዘውን ሁሉ ሲፈልግ ደግሞ፣ በእሱ ፈንታ የማናውቃቸው ሙሽሮች ኬክ ሲቆርሱ የሚያሳይ ፎቶ ወጣ። አዲስ ተብሎ በተሸጠልኝ ዲስክ ላይ የሰው ሠርግ!

‹‹ክሰሺዋ›› አለኝ። የኋላሸት ደረሰኝ አልሰጠኝም ነበር፤ ክሱ የትም እንደማይደርስ ገባኝ። ‹‹አይ፣ መገጣጠም አስተምረኝ›› አልኩት። ፊቴን አየና፣ ‹‹ጀባዹ፣ በርቺ›› ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ያንኑ ሳጥን አስቀርተን የውስጡን በሙሉ ለመቀየር ወሰንን። ኪሴን ታውቂዋለሽ፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ እንደ ሚዜ ነው የመረጥነው። ጅብሪል መጀመሪያ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን ምረጪ አለኝ፤ ሁሉም የሚሰካበት ማዘርቦርድ እሱን ተከትሎ ነው የሚገዛው፤ ካልተጋጠሙ ሁለቱም ድንጋይ ናቸው። ጥቂት ዓመት ያገለገለ፣ ግን ምስል የማሳየቱን ሥራ ራሱ የሚችል ፕሮሰሰር ከወሰድን ለእኔ ፕላን ሌላ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም። ሥራ ሲበዛ የሚያቀለጥፈውን ራም ጥንድ አድርገን፣ አንድ ዓይነት መረጥን። ፋይል የሚያስቀምጠው ኤስኤስዲ ትንሽም ቢሆን አዲስ፤ የሰው ሠርግ ዳግመኛ አልፈልግም። ትልቁን ድርሻ ግን ለፓወር ሰፕላዩ ሰጠነው፤ የእኛ አገር መብራት ሲሄድና ሲመጣ ታውቂው የለ። የሚያበራ ማራገቢያም ቢኖረው ስለው፣ ‹‹መብራት ካማረሽ ሻማ ግዢ›› አለኝ።

ጅብሪል ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሲወርድ አብሬው ሄድኩ። ሻጮቹን ‹‹ክፈቱልኝ፣ ልየው›› እያልኩ አሰለቸኋቸው፤ ጅብሪል እንኳ በእኔ አፍሮ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። አሰላ ተመልሰን ስንገጣጥም፣ እያንዳንዷን ብሎን ሳጠብቅ የየኋላሸት ሳቅ በጆሮዬ ነበር። ሌላው ሰው ሥራውን በፍቅር ይሠራል ይባላል። እኔ በቂም ሠራሁ፤ በደንብም ሠራሁ። ሲበራ ጅብሪል አጨበጨበ፤ እኔ ግን በመስኮት ወደ ማዶ ነበር የማየው።

ከዚያ የጅብሪልን ሱቅ ግማሽ ተከራየሁ። ሌላ ቦታ ጠፍቶ አይደለም፤ የኋላሸት በሩን በከፈተ ቁጥር ፊቴን እንዲያይ ነው። ፕላን እስላለሁ፣ በትንሽ አቅም ኮምፒውተር ለሚፈልግም ዕቃ እየመረጥኩ እገጣጥማለሁ። በሩ ላይ ‹‹ከመግዛትዎ በፊት ውስጡን ይዩ›› ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ስሙን አላነሳሁም፤ ማንሳት አላስፈለገኝም። ከእሱ የገዛ አንድ አስተማሪ ጽሑፉን አንብቦ ኮምፒውተሩን አመጣ። ከፈትንለት፤ የእኔው ሳጥን ወንድም! እሱ ለጓደኞቹ ነገረ። ከዚያ ሰው ሳጥኑን እየታቀፈ ከእኔ በር ወደ እሱ በር ሲሻገር ሰነበተ። ማዶ ጩኸት ሲነሳ እኔ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋ ነበር። አልዋሽሽም፣ እንደዚያ ሳምንት እህል የጣመኝ ጊዜ የለም።

መጀመሪያ ራሱ መጣ። ‹‹ምን አድርጌሽ ነው እንጀራዬን የምትዘጊው?›› አለኝ። ያለውን ረስቶታል፣ እታለም! እኔን እንቅልፍ የነሳኝን ቃል እሱ ተናግሮ ረስቶታል። ይሄ ከስድቡ ባሰብኝ፤ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ቀጥሎ የሰፈራችንን አስታራቂ አቶ ወልደአማኑኤልን አስቀድሞ ሽማግሌዎችን እኛ ቤት ድረስ ላከ። እማዬ ስድቡን የሰማችው ያን ቀን ነው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አባባ ተነስተው ወደ ውጭ ወጡ። እኔም ለሽማግሌዎቹ፣ ‹‹የሰደባት እዚያ ሱቅ ውስጥ ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውንም እዚያው ሰው ፊት ይበል›› አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ገበያው ሲደምቅ፣ በሱቁ በር ላይ ቆመ። መሬት መሬት እያየ ዕቃውን አታሎ እንደሸጠልኝ፣ አንቺንም ያለ አግባብ እንደሰደበ ተናገረ። ‹‹አልተሰማም፣ ጮክ በል›› አልኩት። አቶ ወልደአማኑኤል ‹‹ተይ ልጄ!›› አሉኝ። አልተውኩም። ጮክ ብሎ ደገመው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ እኔ ደስ አለኝ። ዋጋውንም መልሷል፤ በባንክ አስገብቼልሻለሁ። ለሽማግሌዎቹ ስል እጁን ጨበጥኩት፤ ልቤ ግን አልጨበጠውም።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሱቁን ዘግቶ ወደ አዳማ ሄደ። የተዘጋውን በር አይቼ የልቤ ደረሰ ስል፣ አስያ የምትባል ልጅ በሬ ላይ ቆመች። እሱ ጋ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች፤ በቆጂ ያሉ እናቷን የምትረዳው በዚያ ደመወዝ ነው። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ‹‹እናንተ ተጣላችሁ፣ እኔ ሥራዬን አጣሁ። እንድታውቂው ብዬ ነው›› ብላኝ ልትሄድ ዞረች። ስንት ወር ያን በር ስመለከት፣ ከኋላው እሷ መኖሯ አንድም ቀን ታስቦኝ አያውቅም። ሮጬ መለስኳት። አሁን ከእኔ ጋር ትሠራለች፤ ደንበኛ ትቀበላለች፣ ብሎን መፍታትም ጀምራለች። ገና አትስቅልኝም፤ አልፈርድባትም።

በእሱ ግን አልተጸጸትኩም። እማዬ ‹‹ከልብሽ ይቅር በዪው›› ትለኛለች። የተሰደብሽው አንቺ ነሽና ፍርዱን ለአንቺ ትቼዋለሁ። ይቅር ካልሽው ስለ አንቺ ብዬ ይቅር ለማለት እታገላለሁ። ካላልሽው ግን ይቺን ቂሜን አትንኪብኝ፣ ትቆይልኝ።

እማዬ ‹‹ዓይንሽን ሳላይ እንዳልሞት ጸልዪልኝ›› ትላለች፤ በሶና ቅቤ በወለላ ልካልሻለች። አባባ ‹‹ወገቧን ታስመርምር፣ ከባድ አታንሳ በይልኝ›› ብለዋል። ጅብሪል በአካል ባያውቅሽም አክብሮ ሰላም ብሎሻል። አብራሽ የምትሠራውን ልጅ ሳሚልኝ። እኔ ደግሞ ሁለቱን እጆችሽን እስማለሁ፤ መዳፍሽንም ጀርባውንም።

የምትወድሽ እህትሽ
ናዝሬት ፍሰሐ
አሰላ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.