ልብስ ሰፊው አልበደለህም

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከረምክልኝ? አስምህ ፋታ ሰጠህ? ጄሶው የወጣለት እጅህስ የቀለም ብሩሽ ይጨብጣል ወይስ ገና እንዳኮረፈ ነው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከተመረቅሁ አምስት ወር ሳይሞላኝ የራጅ ክፍሉን ለብቻዬ ይዤ፣ ቀኑን ሙሉ “አይተንፍሱ፤ አሁን ይተንፍሱ” እያልኩ ትልልቅ ሰው አዝዛለሁ።

ባለፈው ሳምንት በአንተ ዕድሜ ያሉ ጡረተኛ ሹፌር ጀርባቸውን አሟቸው መጡ። ራጁን ሳየው ሁለት የጀርባ አጥንቶቻቸው ከፊት በኩል ተጨፍልቀዋል። ከምን እንደወደቁ ብጠይቃቸው፣ ባልዲ ከማንሣት በቀር ምንም እንዳላደረጉ ነገሩኝ። ሐኪሟ የአጥንት መሳሳት ነው አለች። ቁመታቸው አጥሮ፣ ጀርባቸው ጎብጦ፣ ኮታቸው ከፊት ተንጠልጥሏል። ክው አልኩ። እህቴ የጻፈችልኝ የአንተ አዲሱ ኮት ታየኛ! ልብስ ሰፊው በድሮው ልክህ ሰፍቶት ከፊት ቢረዝምብህ “ዓይንህን ላፈር” ብለኸው የለም? እሱም ከድሮው ልክህ ምንም እንዳልጨመረ ምሎ ተገዝቶ አስረድቶሃል አሉ። አባዬ፣ ሰውየው እውነቱን ነው፤ ያጠርከው አንተ ሳትሆን አትቀርም።

አጥንት በየጊዜው የሚፈርስና የሚታደስ ሕያው ነገር ነው። ዕድሜ ሲገፋ መፍረሱ መታደሱን ይቀድመዋል፤ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ወንፊት ይሆናል። ለአስምህ ስንት ዓመት የዋጥከው ክኒንም፣ ያ ሲጋራህም ያፋጥኑታል። ክኒኑን ግን ያለ ሐኪም እንዳታቆም፣ አደራ! የሴት በሽታ ነው እንዳትለኝ፤ በሴቶች ይበዛል እንጂ ወንዱንም አይምርም። እጅህ የተሰበረው ደጃፍ ላይ ተንሸራተህ ብቻ ነበር፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ጭራሽ ከወንበርህ እንዳትነሣ መከርኩህ! ያን ምክሬን ሽሬዋለሁ፤ ሥራ የፈታ አጥንት ይብሱኑ ይሳሳል። ፀሐይ እየሞቅህ ተራመድ።

የምፈራው ለዳሌህ ነው። እሱ ተሰብሮበት ዳግመኛ ያለ ደጋፊ ያልቆመ ስንቱን አየሁ። የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ግድግዳ ልትቀባ ቃል ሰጥተሃል። ቅባ፤ መሰላሉን ከመርገጥህ በፊት ግን የአጥንት ጥግግት ምርመራ አድርግ። አያምም፣ ጋደም ማለት ብቻ ነው። መሳሳቱ ቢገኝም መድኃኒት አለው፤ በጊዜ እንደርስበታለን።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አብራህ ትሂድ፣ ብቻህን ከሆንክ ከመንገድ ትመለሳለህ። እህቴን ስለ ጻፈችልኝ አመስግንልኝ። አንተ እስክትመረመር ድረስ መሰላሉን እንድትደብቅ አክስቴን ሾሜያታለሁ፤ እንዳትጣላት። ውጤቱ ሲነገርህ እንደ ልማድህ “ደህና ነኝ” ብለህ አትጻፍልኝ። የምርመራው ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍልኝ፤ ልጅህ ታነበዋለች።

የምትወድህ ልጅህ
ከራጅ ክፍሉ፣ በምሳ ሰዓት
ኅዳር 9 ቀን