አምስት ከዘጠኝ ሲበልጥ

ጥቅምት 5 ቀን 1932 ዓ.ም.

ገብስ ስናጭድ ዋልን። ወገቤ የለም። የጣሊያን አውሮፕላን ሁለት ጊዜ ወደ ደብረ ማርቆስ አለፈ፤ ቀና ብሎ ያየው የለም።

አንሙት ግን በደጃችን አላለፈም። ለጥር ሊያገባኝ ያጨኝ ዲያቆን በቀን አንዴ እንኳ ብቅ ባይል ምን ይሉታል?

ጥቅምት 9 ቀን

አባየ የደብራችን አለቃ ስለሆኑ ከመርጡለ ማርያም ደብዳቤ መጣላቸው። ጮክ ብለው አነበቡልኝ። እዚያ ያሉት የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ቤታቸውን እንደገና ከፍተዋል። እህሉ በጦርነቱ ስለተቃጠለ ግን ከአራት ተማሪ በላይ ማብላት አይችሉም። ከኛ አገር ሁለት የቅኔ ቤቶች አራት ሰው ተመርጦ ይላክላቸው፤ እያንዳንዱን ተማሪ የገዛ መምህሩ ከዐሥር ይገምተው... ይላል።

አንዱ ቤት የመምህር አካለ ወልድ ነው፣ የአንሙት የኔታ። ሁለተኛው የመምህር ኃይለ ሚካኤል፤ ደጀን ላይ የጣሊያን ካሚዮን ሲበዛ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደኛ የመጡት። ከየቤቱ አምስት አምስት ሰው ይቀርባል።

አንሙት እየሮጠ መጣ። «ሁለት ዓመት ነው፣ የብርጓል። ግን ትርጓሜ!» ዓይኑ ያበራል።
«ሂድ» አልኩት። ሂድ እያልኩ ለካ ነጠላውን ይዤዋለሁ...

ጥቅምት 14 ቀን

ግምቱ ገባ። መምህር ኃይለ ሚካኤል፦ ዐሥር፣ ዐሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ስምንት። የኔታ አካለ ወልድ፦ ሰባት፣ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ አንድ።

አምስቱ የአንሙት ነው።

አባየ «እንግዲህ አራቱም ከመምህር ኃይለ ሚካኤል ቤት ሆኑ። ስምንት ያገኙትን ዕጣ እናጣጥላለን» አሉ።

አንሙት ሳቀ። «ይሁና፣ ሰርጋችን አይዘገይም።» ዓይኔን ግን አላየኝም። እኔስ ደስ አለኝ? አለኝ... አላለኝም።

ጥቅምት 15 ቀን

አልተዋጠልኝም። የኔታ አካለ ወልድ እኮ በሃያ ዓመት ከሰባት በላይ ሰጥተው አያውቁም! መምህር ኃይለ ሚካኤል ዘንድ ደግሞ ጉሮሮውን የጠረገ ሁሉ ስምንት ያገኛል።

ሰፌድ ላይ ሽምብራ ቆጠርኩ። የኔታ በድምሩ ሃያ ሰጡ፤ ለአምስት ቢካፈል አራት አራት፣ የቤታቸው መካከለኛ። መምህር ኃይለ ሚካኤል አርባ አምስት፤ ለአምስት ዘጠኝ ዘጠኝ። እንግዲያ የአንዱ አራት የሌላው ዘጠኝ ነው! የአንሙት አምስት ከቤቱ መካከለኛ በአንድ ከፍ ይላል። ዐሥር ያገኙት ሁለቱም ከቤታቸው መካከለኛ ከፍ የሚሉት በአንድ ነው። እኩል ናቸው!

ዘለልኩ። ሽምብራው ተበተነ፤ ዶሮዋ ስንቱን ነጥብ ዋጠችብኝ።

ጥቅምት 16 ቀን

አልጨረስኩም ለካ። የመምህር ኃይለ ሚካኤል ነጥብ አይራራቅም፤ ከስምንት እስከ ዐሥር ብቻ። የኔታ ከአንድ እስከ ሰባት ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። ታዲያ የሁለቱ አንድ እርምጃ እንዴት እኩል ይሆናል? ሁሉም ተማሪ ከየቤቱ መካከለኛ የራቀውን ደመርኩ፦ በዚያ ቤት አራት፣ በዚህ ቤት ስምንት። የመምህር ኃይለ ሚካኤል አንድ፣ የኔታን ሁለት ያህላል።

ዐሥር ያገኙት ወደ ሁለት ወጡ። አንሙት አንድ ላይ ቀረ። ተራውን ቆጠርኩ... አንደኛ በሦስት ከፍ ያለው ባለ ሰባቱ፣ ቀጥሎ ዐሥር ያገኙት ሁለቱ፣ ከዚያ... አራተኛ አንሙት!

ከተናገርኩ ሁለት ዓመት ሊሄድብኝ ነው። ዝም ብል ደግሞ ጥር ላይ ሰርግ። ማን ያውቅብኛል?

እኔ አውቃለሁ።

ጥቅምት 17 ቀን

ነገርኳቸው። አባየ ራሳቸው ሦስት ጊዜ ቆጠሩት።
«ይህን ማን አስተማረሽ?»
«እርስዎ ነዎት። በባሕረ ሐሳብ የፀሐይን ዓመትና የጨረቃን ዓመት የምናስማማው ልዩነታቸውን ይዘን አይደል?»
ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ። ከእርሻው እስከ ወንዙ ብቻዬን ስስቅ ሄድኩ። ያየኝ ሰው አብዳለች ሳይል አይቀርም።

ጥቅምት 21 ቀን፣ ማርያም

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ነገሩ ተነሣ። መምህር ኃይለ ሚካኤል ተቆጡ። «የኔ ዘጠኝ ከሱ አምስት አነሰ? የኔ ተማሪዎች በእውነት ቢበልጡስ?»

እውነታቸውን ነው! ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ከአባየ ጀርባ ሆኜ «ይቀያየሩ» አልኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት።

ዘጠኝ ያገኘው የሳቸው ተማሪ የኔታ አካለ ወልድ ፊት ቅኔ ተቀኘ። የኔታ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና «አራት። እሱም ስለ ማርያም ብዬ» አሉ።

አንሙት በመምህር ኃይለ ሚካኤል ፊት ቆመ። ገና ሳይጨርስ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ዐሥር! ዐሥር!» አሉና... አፋቸውን ያዙ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ራሳቸውም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የኔታ አካለ ወልድ እንኳ ሳቁ፤ ጥርስ እንዳላቸው ዛሬ አየሁ።

አባየ የአራቱን ስም ጻፉ። ሒሳቡንም እንዴት እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራውም።

ጥቅምት 28 ቀን

«አንቺ ነሽ የሰደድሽኝ» አለኝ አንሙት።
«እኔ ነኝ።»
«ጾመ ነቢያት ሳይገባ እንጋባ። ሚስት ትቼ ልሂድ እንጂ እጮኛ ትቼ አልሄድም።»
ሳቅኩም አለቀስኩም። የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

ኅዳር 3 ቀን

ቶሎ ልጻፈው... ወደ መርጡለ ማርያም የተላከው መልእክተኛ ተመለሰ። መምህሩ እንዲህ ጽፈዋል፦ «አራት ብዬ ነበር፤ አምስት ይሁኑ። ሒሳቡን የሠራችው ልጅም ትምጣና ከነሱ ጋር ትማር። እኔም ሒሳቡን ከሷ እማራለሁ። የምትበላውን ከኔ ድርሻ እሰጣለሁ።»

አባየ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱን ለኔ ሰጡኝ። ወጥቼ ማሳው መሐል ጮህኩ። በሬዎቹ ደነበሩ!

ኅዳር 9 ቀን፣ እሑድ

ተጋባን። እግሬ ከጭፈራ ብዛት አብጧል። ሌላ ምንም መጻፍ አልችልም።

ኅዳር 13 ቀን

መንገድ ላይ ነን። ጣሊያን ያለበትን ትተን በቆላው ዞርን። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ መንደር ደረስን፤ ባልቴት በደጃቸው ተቀበሉን። ወንዶቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«ወደ መርጡለ ማርያም የሚያልፉት ተማሪዎች እናንተ ናችሁ? አራት ናችሁ ማለት ነው። አንቺስ፣ ልጄ፣ የማን ሚስት ነሽ?»

አንሙት አፉን ከፈተ። ቀደምኩት።

«የሱ ሚስት ነኝ፣ እማማ። ተማሪዎቹ ግን አምስት ነን።»