የናዚህ ባትሪ

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ልብስ አጥቤ ሳልጨርስ መብራት ሄደ። ማሽኑን እንደተሰካ ተውኩት፤ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። እዚህ መንደር ሶኬት ሲነቅል የሚውል ማን አለ? የመንግሥት መብራት በቀን ሁለት ሰዓት ብልጭ ቢል ነው፣ መቼ እንደሚመጣ ራሳቸውም አያውቁት። የሰፈሩ ጄኔሬተር ደግሞ ከአምፖልና ከፍሪጅ በላይ አይችልም።

ባሌ ናዚህ ምድር ቤት ነው። ልጃችን ራምዚ ከዱባይ በሰው የላከለትን ሞተር እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት ዋለ። ያንን የተራራ ሳይክሉን በኤሌክትሪክ ሊያስኬደው ነው። በስልሳ አንድ ዓመቱ! ባለፈው ኅዳር ዳገቱ ላይ ልቡ ከድቶት ከጭቃ ያነሱት ለአደን የወጡ ሰዎች ናቸው… እኔ አልረሳሁም። እሱ ረስቶት ይሆን?

"ሐኪሙ እኮ ዳገት አትግፋ ነው ያለኝ" ይላል። "ሞተሩ ይግፋ፣ እኔ ቁጭ እላለሁ።"

ሐኪሙ ስለ ሞተር ምንም አላለም።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ፋይዝ መጣ። ጎረቤታችን ነው፣ የናዚህ የሳይክል ጓደኛ። ምላሱ አያርፍም፤ በልጃችን ስም አቡ ራምዚ፣ ኡም ራምዚ እያለ ነው የሚጠራን።

"አቡ ራምዚ፣ ይሄን ስትጨርስ ለእኔ አህያም አንድ ሞተር ትገጥምላታለህ አይደል?"

"ላንተ ነው የሚያስፈልግህ፣ አህያዋማ ደህና ናት።"

ሲስቁ ምድር ቤቱ አስተጋባ። እኔ አልሳቅሁም። ባትሪውን ራሱ ነው የሚሠራው። ከአሮጌ ላፕቶፖች ያወጣቸው፣ ጣት የሚያካክሉ ሃምሳ ሁለት ባትሪዎች… አንድ በአንድ በስታኞ፣ በዚያ በሚቀልጥ ብረት፣ ይበይዳቸዋል። ቢፈነዳስ? አልኩት።

"እጄን አታምኚውም?"

ሠላሳ ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የጠገነ እጅ። እጁንማ አምናለሁ። የማላምነው ባትሪውን ነው። ልቡንም።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ሕልም አየሁ። አልጽፈውም።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ሞተሩን ፔዳሎቹ መሐል ገጠመው። ከሰዓት በኋላ ፖም ተክሉ ውስጥ፣ በዚያ ድንጋያማ መንገድ፣ ሽቅብ ወጣበት። በሩን ይዤ ቆምኩ። ትንፋሹን ነበር የማዳምጠው… ከዚያ ርቀት ምን ሊሰማኝ! ሲመለስ ግን አላለከለከም። ፊቱ በርቷል። ያን ፊት ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው?

"ዊዳድ፣ ላብ እንኳ አላላበኝም! ዝግባው ድረስ እወጣለሁ።"

ተራራው አናት ላይ፣ ዝግባው ጋ፣ ስልክ አይሠራም።

ማታ አስጠነቀቀኝ። አንዱ የባትሪ ረድፍ ከልክ በላይ ይሞላል፣ ገና አላስተካከለውም፤ እሱ አጠገቡ ካልተቀመጠ ማንም ቻርጀሩን እንዳይሰካ። እሺ አልኩ።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ልጻፈው።

ለቅሶ ልንደርስ ታችኛው መንደር ሄደን ነበር። ስንመለስ ከምድር ቤቱ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ፋይዝ አካፋ ይዞ በር ላይ፣ እስከ ጉልበቱ አሸዋ።

"ኡም ራምዚ፣ ሥጋ ልትጠብሱ ነው እኔን ሳትጠሩ?" አለኝ። ይቀልዳል፣ ከንፈሩ ግን አመድ መስሏል። ጭሱን ባያየው ቤቱ አልቆ ነበር።

ባትሪው ነው። ሳይክሉ በጥላሸት ጠቁሮ ከሰል መስሎ ግድግዳ ተደግፏል። ናዚህ ገብቶ ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

"ስታኞው ነው" አለ። "እጄ ነው። እጄ ከዳኝ።"

ዝም አልኩ።

ጠዋት ከመውጣታችን በፊት ምድር ቤት ያለውን የልብስ ማጠቢያ ስሞላ ቻርጀሩን ወለሉ ላይ አየሁት። መብራት አልነበረም። ነገ ሊወጣ ነው፣ ሲመጣ ይሙላለት ብዬ… አንድ ቀን እንኳ ልርዳው ብዬ! እሺ ያልኩትም ትዝ ሳይለኝ፣ እጄ እንደለመደው ሰካው። እኛ ለቅሶ ቤት እያለን መብራት መጣ። ልብሱም ታጠበ፣ ባትሪውም ተቃጠለ። ፋይዝ እንደደረሰ ሁሉንም ነቅሎ ጥሎታል፣ ማን እንደሰካው የሚያውቅ የለም።

እኔ ነኝ። ይህን የማውቀው እኔና ይህ ደብተር ብቻ ነን።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ናዚህ ሳይክሉን ውሰደው አለው ፋይዝን። አበቃ፣ አለው።

ትናንት ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከኅዳር ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ… ግን ዝም ካልኩ ተራራ አይወጣም። ካልወጣ ደግሞ አይሞትብኝም። ይኸው ነው ሒሳቤ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

የፋይዝ ሚስት ሬዲዮ እንዲጠግንላት አመጣች። ሳይከፍተው መለሰላት። "እጄ አይታመንም፣ ቤታችሁን አላቃጥልም" አላት። ለእሱ ሬዲዮ እንደ ዳቦ መቁረስ ነበር እኮ።

እስከ እኩለ ቀን በፒጃማ። ጢሙን አይላጭም። ጋዙ ተዘግቷል ወይ? ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ተነስቶ ራሱ አያይም፣ እኔን ይጠይቃል።

ፋይዝ በር ላይ ያዘኝ። "እስረኛ እንኳ ፀሐይ ይሞቃል ኡም ራምዚ። ምን አደረግሽው?"

ምን አደረግሽው… ለቀልድ ነው ያለው።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ሶኬቱ አጠገቡ ነው፣ እጁን ቢዘረጋ ይደርሳል። ገመዱን ወደ እኔ ዘረጋው።

"አንቺ ሰኪልኝ" አለ። "አንቺ ትጠነቀቂያለሽ።"

ሰካሁለት። ወጥ ቤት ገብቼ የፎጣውን ጫፍ ነክሼ አለቀስኩ። ልቡ እንዳይቆም ብዬ ቤት ያስቀመጥኩት ሰው ቁጭ ብሎ እየሞተ ነው። ብነግረው ይጠላኛል? ከመጥላቱ በላይ የምፈራው… ብነግረው እንደገና ይሠራዋል። ይሄዳል።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ነገርኩት። ቁርስ ላይ። እንዴት እንደምጀምር ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አድሬ ነበር፣ ሁሉም ጠፋኝ።

"ባትሪውን የሰካሁት እኔ ነኝ።"

ቂጣውን እንደያዘ ቀረ። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ።

"አንቺ? መቼ?"

"ከመውጣታችን በፊት። መብራት አልነበረም፣ ሲመጣ ይሙላ ብዬ…"

"ያ ረድፍ ሳይስተካከል?"

"አዎ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ናዚህ፣ በእነዚህ ጣቶቼ!"

ተነሳ። በፒጃማው ምድር ቤት ወረደ። ተከተልኩት። የተቃጠለውን ባትሪ ከአሸዋው ቆፍሮ አወጣ፣ ያልነደደውን ጎን በቢላዋ ፋቀ፣ ወደ በሩ ብርሃን አመጣው።

"እዪ! አንድም ብየዳ አልለቀቀም! እዪ ዊዳድ፣ አንድም!"

ይስቃል። እንባው በጢሙ ይወርዳል። ሃያ አራት ቀን በራሱ እጅ ሲፈርድ እያየሁ ዝም ብያለሁ። ይህንንም ጨምሬ ነገርኩት፣ ለምን እንደሆነም። ያኔ ሳቁን አቆመ። ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። የሚገባኝ ነው። ማታ ግን ጢሙን ተላጭቶ ራት መጣ።

ሰኔ 14፣ እሑድ

ሳይክሉን ፋይዝ ማንንም ሳያስነካ ሸራ አልብሶ አስቀምጦት ነበር፤ ጥላሸቱ ሲጠረግ ሞተሩ ደህና ነው። አዲሱ ባትሪ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ነው የሚሞላው፣ ናዚህ ወንበር ይዞ አጠገቡ። እኔ ከገመዱ ሁለት ክንድ እርቃለሁ።

ዛሬ በር ላይ ቆመና "ልሂድ?" አለኝ። በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳር አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። አትሂድ ብለው ይቀር ነበር፣ ዓይኑ ላይ አየሁት። በፒጃማ ተቀምጦ ይቀር ነበር።

"ሂድ" አልኩ።

ሦስት ሰዓት። ከፋይዝ ጋር ነው። ብቻውን አይደለም። ብቻውን አይደለም።

አምስት ሰዓት። ደወልኩ፣ አይሠራም። እንደማይሠራ አውቃለሁ እኮ!

ስድስት ሰዓት። እመለሳለሁ ያለው ስድስት ሰዓት ነው። አዳኞቹ የደወሉልኝም ስድስት ሰዓት ላይ ነበር።

ስድስት ተኩል። የመድኃኒቱን ሣጥን ከፍቼ የጠዋቱን መዋጡን አየሁ። ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት።

ሰባት ሰዓት ከሩብ። ፋይዝ ሲጮህ ሰማሁ፣ ከታች ከመታጠፊያው፦ "ኡም ራምዚ፣ ባልሽ ዳገት ሲወጣ አህያዬን አስናቃት!" ከኋላው ናዚህ፣ እስከ ጆሮው ጭቃ፣ እየፎከረ። ደረቱ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ። ይመታል።

እንደ ተራበ ልጅ ሁለት ሳህን በላ። ቅዳሜ ደግሞ እወጣለሁ አለ። እሺ አልኩ። ቅዳሜም እፈራለሁ። ቅዳሜም በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ።