ክሱን አሟልተው ያስጻፉት እናት፦ የወ/ሮ ውባለም ለማ የሕይወት ጉዞ

እናታችን ወ/ሮ ውባለም ከአባታቸው ከአቶ ለማ ዘውዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሚልኪ በሐምሌ 1919 ዓ.ም. በወለጋ ገጠር ተወለዱ።

አባታቸው ወንጌላዊ አማኝ ነበሩ። በ1926 ዓ.ም. ጎረቤት ሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ አነበቡ ተብለው ታሰሩ። ምሳ የሚያመላልሱላቸው የሰባት ዓመቷ ልጃቸው፣ እናታችን ነበሩ። አንድ ቀን የአገረ ገዥው ጸሐፊ ታሞ ስለቀረ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚላከውን ክስ እስረኛው ራሳቸው እንዲጽፉ ታዘዙ። የተባሉትን ሁሉ አንዲት ቃል ሳይቀንሱ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ጻፉ። ገዥው የቀረ ነገር እንዳለ ሲጠይቋቸው፣ «አንድ ቀርቷል ጌታዬ፤ በየስብሰባችን ለመንግሥት እንደምንጸልይ አልተጻፈም» አሉ። ገዥውም አስጨመሩት። ተሟልቶ ሲነበብላቸው ግን፣ «ይህ ክስ ነው ወይስ ምስጋና?» ብለው ሳቁና ማኅተም ሳያሳርፉበት አስቀሩት። አባታቸው በቤታቸው እንዲጸልዩ፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ እየመጡ ደብዳቤ እንዲጽፉ ተነግሯቸው ተፈቱ። አባታቸውን እጃቸውን ይዘው ወደ ቤት የመለሷቸው እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን እናታችን በኩራት ያወሩ ነበር።

በአዋላጅነት ሠልጥነው በነቀምቴና በአካባቢው ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። በ1943 ዓ.ም. መምህር ግርማቸውን አግብተው አራት ልጆች ወለዱ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ መጥተው ኢስትሙር በሚባለው ሰፈር ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ኖሩ።

እ.ኤ.አ. በ2011 መገባደጃ ቤተ ክርስቲያናችን ከከተማው አጠገብ ባለው ብሌንደን ታውንሺፕ ለገዛችው ሕንፃ ፈቃድ ስትጠይቅ፣ ጎረቤቶች መኪኖቻችን በራቸውን እየዘጉ አስቸግረዋል ብለው ተቃወሙ። ሽማግሌዎቻችን በማመልከቻው ላይ የመኪናውን ነገር ዝም ብለው ሊያልፉት ነበር። እናታችን በሰማንያ አራት ዓመታቸው ተነሥተው፣ «ያስቸገርነውን እኛው እንጻፈው፤ መንግሥት ፊት ጎዶሎ ወረቀት ይዘን አንቁም» አሉ። ክርክሩ ረዘም ቢልም እሳቸው አሸነፉ። የልጅ ልጃቸው ሔርሞን ፈቃዱ በታየበት ስብሰባ ላይ ማመልከቻውን በእንግሊዝኛ ስታነበው፣ አጥብቀው ይቃወሙ የነበሩት ጎረቤት የምጨምረው የለኝም ብለው ተቀመጡ። ፈቃዱ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ እናታችን እሑድ እሑድ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው፣ የጎረቤት በር የዘጋውን ሁሉ ስሙን እየጠሩ መኪናውን ሙቭ ያስደርጉ ነበር። ፓስተሩንም አልማሩም።

የልብ ድካም ሲጸናባቸው ልጆቻቸው አልጋቸውን ከበን መዘመር ጀመርን። እናታችን እጃቸውን አንሥተው አስቆሙንና፣ «ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩት፤ እኔም ልድረስበት» አሉን። ዝቅ አድርገን ጀመርን፤ ደረሱበት።

እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2025 በዘጠና ሰባት ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። አራት ልጆች፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆችና ስድስት የልጅ ልጅ ልጆች አሏቸው።

የወደዱት ጌታ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበል፤ እኛንም ያጽናናን።