ሸጊቱን ሳታዋራ አትለባት

ወንድም ዓለም፣

እናታችንን ልጠይቅ ሄጃለሁ። እስክመለስ ላሟን የምታልባት አንተ ነህ።

በረት ስትገባ ጆሮህ ላይ የምትሰካውን ነገር አውልቅ። እጅህን አሙቅ። በስሟ ጥራት፤ ካላስታወስክ ሸጊቱ ነው የምትባለው። አንገቷን እከክላትና እንዴት እንደዋልክ እያጫወትካት እለባት።

አውቃለሁ፣ ባንተ ቤት ወተት የሚመጣው ከመኖ እንጂ ከወሬ አይደለም። ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ግን መኖዋን ጠግባ በልታ ነበር፤ አንተም አፍህን ዘግተህ አለብካትና ባልዲው ሥር ጠብታ ይዘህ ተመለስክ። ወተቷን ይዛብህ ነው።

ጎረቤት ሰብስበህ «እህቴ ለይቶላት ከላም ጋር ታወራለች» ብለህ ያሳቅህብኝ ዕለት እሷም የበረቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ቂም ይዛብህ እንደሆነ እንጃ።
እኔ አልያዝኩም።

ድስቱ ውስጥ ምግብ አለ። እሱን ሳታዋራው መብላት ትችላለህ።

ለሸጊቱ የምትነግራት ካጣህ «ይቅርታ» በላት። አፍህ ቃሉን ስላልለመደ መጀመሪያ ላይ ይከብድህ ይሆናል፤ ጠዋትም ማታም እሷ ላይ ተለማመድ።

እኔ እሑድ እመለሳለሁ።

እህትህ