የምናለ ሸሚዝ

ቁስቋም፣ ጎንደር
ግንቦት ፲፱፻፸

ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ ላቀው፣ የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሃል? እኛ እመቤታችን ትመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን።

እኔ ያው ላቦራቶሪ ነኝ። ሰሞኑን የታይፈስ ምርመራ በዝቶብኛል። ከበሽተኛው ደም ላይ የጠለለውን ወስጄ ከመመርመሪያው ጠብታ ጋር አደባልቃለሁ። በሽታው ገብቶበት ከሆነ ሰውነቱ ጠላቱን ለይቶ የሚይዝበትን መከላከያ አበጅቷልና ድብልቁ እንደ አይብ ይጓጉላል። ካልገባበት ኩልል እንዳለ ይቀራል። ኩልል ሲል ደስ ይለኝ ነበር።

ታናሻችን ምናለ ከቀበሌ እስር ገና አልወጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ የታጠበ ልብስ አደርስለታለሁ፤ ጠባቂዎቹ የቆሸሸውን ይመልሱልኛል። ታይፈስ የሚያስተላልፈውን ቅማል በሸሚዙ ላይ ባየሁ ቁጥር ስራገም ከረምኩ። ባለፈው ቅዳሜ የመለሱልኝ ግን ቅማልም ላብም የለበትም። እጥፋቱም እኔው እንዳጠፍኩት ነው።

እማዬ «ተመስገን፣ ንጽሕና ጀመሩ ማለት ነው» ብላ ደስ አላት። እኔም «አዎ» አልኳት።

ሰኞ ሸሚዙን ላቦራቶሪ ወስጄ፣ አንዲት ቅማል እንኳ ባገኝ ብዬ ስፌቱን ሁሉ በአጉሊ መነጽር ፈተሽኩት፤ አንዲትም የለችበትም።

ነገ ሌላ ሸሚዝ አጥፌ እወስዳለሁ። አንተ ለክረምት እመጣለሁ ያልከውን ተወው፤ እዚያው ደህና ሁንልን።

እህትህ ሸዋረጋ